የራስ አይፒ ብሎክ፦ ለአነስተኛ ሆስቲንግ ድርጅት

ቢሮው ተከፍቶ ቡና ገና ሳይቀዳ ስልክ ይጮኻል። ደንበኛው ትናንት የላከው የክፍያ መጠየቂያ ስፓም ውስጥ ገብቶበታል። የሆስቲንግ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ አንዳች ጥፋት የለም፤ አድራሻው ግን የተከራየ ነው። እዚያው ብሎክ ላይ ያለ የማይታወቅ ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ስፓም ሲበትን አድሮ፣ ብሎኩ እንዳለ ስፓምሃውስን የመሰለ ተቋም ጥቁር መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አከራዩ ውል ያቋረጠ ቀን ደግሞ የደንበኞች አድራሻ ሁሉ አብሮ ይቀየራል።

መውጫው ብሎክን በራስ ስም ማስመዝገብ ነው።

አይፒ አድራሻን በዓለም ዙሪያ የሚያከፋፍሉት አምስት ቀጣናዊ መዝገቦች ናቸው። የአፍሪካው አፍሪኒክ ሲሆን መቀመጫው ሞሪሸስ፣ ኤቤን ነው። አፍሪኒክ አድራሻ አይሸጥም፤ ለሚያስፈልገው በሚያስፈልገው ልክ ይመድባል፣ ለአባልነቱም በየዓመቱ ያስከፍላል። የአውሮፓው መዝገብ የአይፒቪ4 ክምችቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 አልቆበት አመልካቾችን ወረፋ ያስይዛል። አፍሪኒክ ግን ከጥር 2020 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ለአንድ ጥያቄ ከ/24 (256 አድራሻ) እስከ /22 (1,024 አድራሻ) ይሰጣል። ይህ ቀላል ዕድል አይደለም። አማዞን ከየካቲት 2024 ወዲህ ለአንድ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል፤ 256ቱ በዓመት ሲሰላ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሥራ የአባልነቱን ዓይነት መለየት ነው። አድራሻን ለራሱ ብቻ የሚጠቀም አንድ ምድብ አለው። ቪፒኤስ እያከራየ ለደንበኞቹ አድራሻ የሚመድብ ደግሞ የሚያመለክተው እንደ አገር ውስጥ መዝጋቢ ነው። የንግድ ፈቃድና ምዝገባ፣ የሰርቨር መግዣ ደረሰኝ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢ ጋር የተፈረመ ውል ይዘጋጅ። የአማርኛው ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። ክፍያው በዶላር ስለሆነ የባንኩ ጉዳይም ቀደም ብሎ ይጀመር። አፍሪኒክ ከ2021 ጀምሮ በፍርድ ቤት ክርክር ሲናጥ ቆይቶ፣ በመስከረም 2023 በአደራ ጠባቂ ሥር ወድቆ፣ አዲስ ቦርድ የመረጠው በመስከረም 2025 ነው። ሂደቱ ሊጓተት ስለሚችል የአሁኑ ኪራይ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ማመልከት አደገኛ ነው።

ማመልከቻውን የሚያስጥለውም የሚያሳልፈውም የኔትወርክ ዕቅዱ ነው። ሁለት መቶ ድረ ገጽ ስላለኝ ሁለት መቶ አድራሻ ይሰጠኝ የሚል ድርጅት ጥያቄ ይከተለዋል፤ አሳሹ የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም አስቀድሞ የሚናገርበት ኤስኤንአይ ከመጣ ወዲህ በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾች፣ ኤችቲቲፒኤስ ያላቸውም ጭምር፣ በአንድ አድራሻ ይስተናገዳሉ። ቆጠራው ከመሣሪያው ይነሣ። አንድ ድርጅት 4 የጋራ ሆስቲንግ ሰርቨር አለው እንበል፤ ለእያንዳንዱ 2 ሲያዝ 8 አድራሻ ነው። የዲኤንኤስ ሰርቨር 2፣ የኢሜይል 2፣ ራውተርና ሌላ መሣሪያ 6። አሁን የተከራዩ ቪፒኤሶች 90፣ በቀጣዮቹ 8 ወራት ይጨመራሉ የሚባሉት 40። ድምሩ 148 ነው፤ /24 መጠየቅ ተገቢ፣ /23 መጠየቅ ግን ማጋነን ይሆናል። የስምንት ወሩ ትንበያ በምኞት ሳይሆን ባለፈው ዓመት የሽያጭ መዝገብ ይደገፍ።

በዚያው ማመልከቻ የአይፒቪ6 /32 እና የኤኤስ ቁጥር አብረው ይጠየቁ። የኤኤስ ቁጥር፣ ማለትም የኔትወርኩ መለያ ቁጥር፣ ጥቅሙ ከሁለት አቅራቢ ጋር በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ በሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ሲገናኙ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ኦፕሬተር አለ። ያም ሆኖ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ የደንበኛን ብሎክ በቢጂፒ ያስተላልፋሉ ወይ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ግድ ነው። አቅራቢው አንድ ብቻ ከሆነ በፈቃድ ደብዳቤ ብሎኩን በራሱ ኤኤስ ቁጥር ሊያውጅለት ይችላል። ከ/24 ያነሰ ብሎክ ግን አብዛኛው ኔትወርክ አይቀበልም።

ብሎኩ ተመድቦ ውሉ ሲፈረም ወደ ራውተሩ መሮጥ አይገባም። በቅድሚያ በአርፒኬአይ አማካይነት ይህን ብሎክ ማወጅ የሚችለው የትኛው ኤኤስ እንደሆነ በፊርማ ይመዝገብ። ለምን ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ያወጀው አንድ /24 ወደ ዓለም ሾልኮ ወጥቶ፣ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። በምዝገባው ላይ የኤኤስ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ቢሳሳት ደግሞ የገዛ ራስ ብሎክ በብዙ ኔትወርኮች ይጣላል፤ ሁለት ሰው ያንብበው። የሩት መዝገቡ፣ የቅሬታ መቀበያ ኢሜይሉና የተገላቢጦሽ ዲኤንኤሱ ይከተላሉ።

ዝውውሩ ቀስ ብሎ ይሁን። የዲኤንኤሱ ቲቲኤል ከጥቂት ቀናት በፊት ወደ 300 ሴኮንድ ይውረድ፤ አሮጌውና አዲሱ አድራሻ ጎን ለጎን ይሥሩ። ድረ ገጾች ቀድመው፣ ኢሜይል በመጨረሻ ይሻገር። አዲስ አድራሻ በጂሜይል ዘንድ ገና ስም ስለሌለው፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቶ መልእክት ብቻ ይላክበትና በየቀኑ ይጨመር። ኤስፒኤፍ መዝገቡ ላይ ሁለቱም አድራሻዎች ይቆዩ፤ የኪራዩ ብሎክ የሚመለሰው አንድም ትራፊክ እንደማያልፍበት በራውተሩ ላይ ከታየ በኋላ ነው።