ሸረሪት ስታይ የምትንቀጠቀጥ ልጅ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። የ7 ዓመት ልጄ ሸረሪት ወይም በረሮ ካየች ትንቀጠቀጣለች። ክረምት ላይ አሸን መብራቱን ሲከብ ጭራሽ ከአልጋ አትወርድም። አባቷ «በግድ ትንካውና ይለቃታል» ይላል። ምን ይሻላል?
እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ አባቷ አስበውላት ነው፤ በግድ ማስነካት ግን ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ዝም ብሎ ማሸሽም አይረዳም፤ ልጅቷ በሸሸች ቁጥር እፎይ ስለምትል አእምሮዋ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዛል። በረሮ ሲያዩ ጫማ ይዘው የሚጮኹ ከሆነም (ብዙዎቻችን እንጮኻለን) ከእርስዎ ትማራለች።

የሚሠራው ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን በጥቂት በጥቂቱ በማስጠጋት ፍርሃቱን አስለቅቃዋለች። እርስዎም መጀመሪያ አብራችሁ ሸረሪት ሳሉ፤ ቀጥሎ ፎቶ፤ ከዚያም ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ያለች ሸረሪት ከክፍሉ ማዶ ትያት። አንዱ ደረጃ ሳይቀላት ወደ ሌላው አይለፉ፤ ፍጥነቱን እሷ ትወስን። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ እንጂ የሚናደፍ ነገር እንዳልሆነም ጠዋት መስኮት ሥር የረገፈውን ክንፍ እያሳዩ ይንገሯት።

ፍርሃቱ ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍ ወይም ትምህርት ከነሳት ባለሙያ ይያት። ለእናንተ ሰፈር የሚቀርበው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ።