በግ ሳይታረድ ስቡ እንዴት ይለካል?

በጎንደርም ሆነ በደብረ ብርሃን ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ሚዛን አይፈልግም። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን ከሥር አንሥቶ መዘን ያደርግና ዋጋ ይጠራል። ብዙዎቻችን ይህን ከአያቶቻችን አይተናል ወይም ሰምተናል። በሬሆቮት በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የእንስሳት ሳይንስ የሚያጠና ተማሪም ያው እጅ ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ የዳሰሰውን በቁጥር መጻፉ ነው።

ለምን እንለካለን?

ስብ የእናት በግ ስንቅ ነው። በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታት ግልገሎቹ ሆዷን ስለሚያጣብቡት በቂ መኖ መብላት ያቅታታል፤ የጎደለውን ከስቧ ታወጣለች። ስቧ ካነሰ ግልገሉ ደካማ ይሆናል፣ ወተቷም ይቀንሳል። ከልክ ያለፈ ክሳትም ሆነ ውፍረት ደግሞ ለእርግዝና ኬቶሲስ ያጋልጣታል፤ ይህ በሽታ እናትንም ግልገልንም ሊገድል ይችላል። መንታ ያረገዘች በግ ከሁሉም በላይ ያሰጋታል። ስለዚህ ልኬቱ ቀደም ብሎ መደረግ አለበት፤ ምጥ ከቀረበ በኋላ ቀለብ መጨመር አይደርስም።

በእጅ መለካት

በ1969 ራስል፣ ዶኒ እና ጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ0 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበትን ዘዴ በስኮትላንድ በጎች ላይ ፈትሸው አሳተሙ። እጃችሁን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ወገቡ ላይ አሳርፉ።

1 ነጥብ፦ የአከርካሪው ጫፍ ሹል ነው፤ ጣት ከጎን አጥንቶቹ ጫፍ ሥር በቀላሉ ይገባል።
3 ነጥብ፦ አጥንቱ ክብና ለስላሳ ነው፤ የሚዳሰሰው ጫን ሲሉት ብቻ ነው።
5 ነጥብ፦ ቢጫኑትም አጥንት አይገኝም፤ በአከርካሪው ቦታ ስርጉድ መስመር አለ።

በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ጸጉር ያታልላል።

ላቱስ?

ጥናቱ የተደረገበት የስኮትላንድ በግ ላት የለውም። አዋሲ፣ የመንዝ በግና ዋሸራ ግን ላታም ናቸው፤ በጥጋብ ጊዜ ያከማቹትን ስብ በችግር ጊዜ ከላታቸው ያወጣሉ። ወገቡ 2 ነጥብ ያገኘ በግ ላቱ ሙሉ ከሆነ ስንቁ ገና አላለቀም። በ12ኛውና በ13ኛው የጎድን አጥንት መካከል የሚነሣ አልትራሳውንድም የዚያን ቦታ ስብ እንጂ ላቱንም ሞራውንም አያሳይም። ላቱን አንሥቶ የሚመዝነው ገበያተኛ የስኮትላንዱ ሠንጠረዥ ያላሰበውን እየለካ ነው። እናንተም ወገቡንና ላቱን ለየብቻ መዝግቡ።

በውሃ መለካት

ስብ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከስብ ውጭ ያለው አካል ግን 73 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ የአካሉን ውሃ ያወቀ ስቡን ያውቃል። መጠኑ የታወቀ ከባድ ውሃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ከሰዓታት በኋላ በመላ አካሉ ሲሰራጭ ደም ተወስዶ ምን ያህል እንደቀጠነ ይለካል።

ምሳሌ እንውሰድ። 50 ኪሎ ለሚመዝን በግ 40 ግራም ተሰጠው እንበል፤ በ1 ኪሎ የአካል ውሃ ውስጥ 1.25 ግራም ተገኘ።

40 ÷ 1.25 = 32 ኪሎ ውሃ
32 ÷ 0.73 = 43.8 ኪሎ ስብ አልባ አካል
50 − 43.8 = 6.2 ኪሎ ስብ

ላቱም ሞራውም እዚህ ውስጥ ተቆጥሯል።

መልመጃ

ይኸው በግ ከልኬቱ በፊት 2 ሊትር ውሃ ቢጠጣስ? ክብደቱ 52 ኪሎ፣ ውሃው 34 ኪሎ ይሆናል። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ራሳችሁ አስሉት። ውጤቱ 5.4 ኪሎ ስብ ነው። በጉ አልከሳም፤ ያሳሳተን ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ከልኬቱ በፊት በጉ መኖና ውሃ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

ከባድ ውሃ ለምርምር ነው፤ በረት ውስጥ ያለው መሣሪያ እጅ ነው። እጅ ደግሞ የሚሠለጥነው ደጋግሞ በመዳሰስ ነው። ቤታችሁ በግ ያረባ አዛውንት ካለ፣ ወገቡን ሲጨብጥ ጣቱ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁን ከሦስቱ ነጥቦች ጋር አስተያዩት።