ከየትኛው መስኮት አየሽው?

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ዶራ ሰፈር ስንገናኝ «ሊባኖሶች እንዲህ ናቸው ብዬ ብጽፍ ማን ይሰማኛል? እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ» አልሽኝ። ነገሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ቤይሩት ከገባሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛልና የሚመስለኝን ልንገርሽ።

1. ጻፊ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በ1771 ማብቂያ ወጣ። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ሆኖም በ1790 ስለ ጉዞው 5 ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፣ ዓለምም እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል። አንቺ ሐዝሚዬ ሰፈር ስድስተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ሰው ከጎረቤቱ የሚሰውረውን ጓዳ አንቺ በየቀኑ ትጠርጊዋለሽ። በ2019 መጨረሻ የሊባኖስ ባንኮች የሰውን ገንዘብ ሲይዙበት፣ ለእንግዳ ፈገግ ብላ ቡና ያቀረበችው ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ያየናት እኛ ነን።

2. የቆምሽበትን ቦታ ተናገሪ። እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ተሳስቼበታለሁ። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ለእንግዶቿ «ሐበሾች ድብቅ ናቸው፣ አይናገሩም» ትል ነበር። እኔ ዝም የምለው ዐረብኛ ስላልቻልኩ ነው። የእኔን ቋንቋ አለመቻል የአገሬ ጠባይ አደረገችው። በጣም ተከፋሁ። ግን እኔስ? «ሊባኖሶች ቁጡ ናቸው» ብዬ ለእናቴ ጽፌ ነበር። ያኔ የማውቀው ዐረብኛ «ጂቢ፣ ሩሒ፣ ነድፊ» ብቻ ነበር፤ አምጪ፣ ሂጂ፣ አጽጂ። ትእዛዝ ብቻ የሚሰማ ጆሮ ቁጣ እንጂ ሌላ ምን ይሰማል? ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ያቺው ሴት ልጇን አቅፋ «ተእብሪኒ» ስትል የሰማሁት። ቅበሪኝ ማለት ነው፣ ካንቺ በፊት ልሙት። እናቴ «አፈር ስሆን» ስትለኝ ትዝ አለኝና ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ዝምድና የቤይሩት ሰው አያየውም፤ ለማየት አማርኛ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ «ሐዝሚዬ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ቤት ውስጥ» ብለሽ ጀምሪ። ይህ አገር በሕግ የታወቁ 18 የሃይማኖት ወገኖች አሉት፤ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ከ1932 ወዲህ አላደረገም። ቡርጅ ሐሙድ ያለው አርመን እና ትሪፖሊ ያለው ሱኒ በአንድ ቃል አይጠሩም።

3. ጠባይን ከሕግ ለይ። በሰኔ 2020 ማዳሞች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው እያመጡ፣ እዚያው ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተናል። አስፋልት ላይ አደሩ። «ጨካኝ ሕዝብ» ማለት ቀላል ነው፣ እኔም ብያለሁ። ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ እንዳደረጋት እወቂ። ከፋላ በሚባለው የዋስትና አሠራር ደግሞ መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ሊራው ወድቆ ዶላር ሲጠፋ፣ ሠራተኛዋን አስፋልት ላይ የጣለ ሰው የሚጠይቀው አልነበረም። ይህን የምነግርሽ ጥለዋቸው የሄዱትን ማዳሞች ነፃ ለማውጣት አይደለም። ክፋቱን ደማቸው ውስጥ ብቻ ከፈለግሽው፣ መለወጥ ያለበት ሕግ ሳይነካ ይቀራል። በ2017 «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት እንዳንቺው የቤት ሠራተኞች የሆኑ እህቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው ከፋላ ይቅር የሚሉት።

4. በምትጽፊው ሁሉ ላይ ቀን ጻፊበት። በመጀመሪያው ዓመት ያልሽውን በስድስተኛው አትሰርዢው።

እሑድ ማስታወሻ የምትይዢበትን ደብተር ይዘሽ ነይ። «አይወዱንም» ያልሽበትን ገጽ መጀመሪያ አንብቢልኝ፤ የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።