በአርሲ ደጋ የገጠር ጉብኝትን መልሶ ለማቋቋም የሚወጣ ዕቅድ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው የአርሲ ደጋ ኑሮ የተመሠረተው በስንዴ፣ በገብስ፣ በባቄላና በከብት ርባታ ላይ ነው። ይሁን እንጂ አካባቢው ሌላም ሀብት አለው። ከአሰላ ከተማ በላይ የሚታየው የጭላሎ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጭላሎ፣ ጋላማና ካካ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ሲሆኑ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት የደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ይኖሩባቸዋል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራው የበቆጂ አካባቢም በዓለም የታወቀ ነው። በቆላው በኩል የላንጋኖ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ የጎብኚዎች ጉዞ ተቋረጠ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በሰሜን የተነሣው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ስምምነት ድረስ ስለቀጠለ፣ ከጦርነቱ ርቀው የነበሩ አካባቢዎችም እንግዳ አጡ። ከዚህ የምንማረው ጉብኝት በአንድ ጊዜ ሊቆም የሚችል ገቢ መሆኑን ነው። በመሆኑም መልሶ ማቋቋም ሲባል የቀድሞውን እንደነበረ መመለስ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳ በማይመጣበት ዓመትም ቤተሰብ እንዳይቸገር አድርጎ ማደራጀት ማለት ነው።

2. ጥቅሙ ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ አስቀድመን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው ካዱ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በማስፋፋት ምርትን አሳደገ። ነገር ግን እርሻ አትራፊ ሲሆን ብዙ ባለርስቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አስነሡ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጭሰኛው ከጉዳት የሚጠብቀው ሕግ አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ወደ ገጠር ሲገባ ድርሻው አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ጉልበት ያለው ይወስደዋል። ፈረስ የሌለው፣ ቋንቋ የማይችለውና ባሏ የሞተባት ሴት ከጉብኝት ምን እንደሚያገኙ በዕቅዱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

3. ከአዳባና ከዶዶላ የምንማረው

በምዕራብ አርሲ በአዳባና በዶዶላ ወረዳዎች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ በደን ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ዋጂብ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጁ። አሠራሩ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ታስቦ፣ በአንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ የሚል ነበር። ይኸውም 360 ሄክታር ይሆናል። አባላቱ በደኑ እየተጠቀሙ የመጠበቅ ግዴታ ገቡ። ከዚሁ ጎን በተራራው ላይ ማደሪያ ቤቶች ተሠርተው ጎብኚዎች በፈረስ እንዲጓዙ ተደረገ። ትልቁ ትምህርት ቁጥርን መወሰን ነው። ደኑ የሚችለው ተሰልቶ የሰው ቁጥር በዚያ ልክ ሆነ።

4. የዕቅዱ ደረጃዎች

ሀ. ጸጥታን ማረጋገጥ። የወረዳው አስተዳደርና የአገር ሽማግሌዎች መንገዱ ሰላም ነው ሳይሉ እንግዳ መጥራት አይገባም። አንድ አደጋ የብዙ ዓመት ድካም ያጠፋል።

ለ. ሀብትን መመዝገብ። መንገዱን፣ ምንጩን፣ ማደሪያውን፣ ፈረሱንና የግጦሹን ቦታ ከነዋሪው ጋር በእግር እየተዘዋወሩ መመዝገብ። የዱር እንስሳት የሚወልዱባቸው ቦታዎች ከጉዞ መስመር ውጭ ይሁኑ። በፓርኩ ክልል ለሚደረግ ጉዞ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

ሐ. አቅምን ማስላት። ለምሳሌ አንድ ማኅበር 10 ፈረሶች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ቢሠራ፣ 30 የፈረስ ቀን ይሆናል። ሦስት እንግዶች ለ2 ቀን ሲሄዱ 3 የመቀመጫና 1 የጭነት ፈረስ፣ በጠቅላላው 8 የፈረስ ቀን ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሳምንት ከ3 ቡድን በላይ መቀበል አይቻልም። የሚተርፈው 6 የፈረስ ቀን ለታመመና ጀርባው ለቆሰለ ፈረስ መጠባበቂያ ነው።

መ. የሥራ ጊዜን ማስማማት። ለጉዞ የሚመቸው ደረቅ ወራት የአጨዳና የውቂያ ጊዜም ነው። ለጥቂት ብር ሲባል እህል በማሳ እንዳይረግፍ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚመሩ ሰዎች በተራ ይመደቡ፤ የተመደበውን ሰው አጨዳ ማኅበሩ በደቦ ያግዝ።

ሠ. ገቢን መከፋፈል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ለአገልግሎት ሰጪው፣ ለመንገድና ለምንጭ ጥበቃ እንዲሁም ለመጠባበቂያ የሚሆነው ድርሻ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። መጠባበቂያው እንግዳ በሚጠፋበት ዓመት ለአባላት ብድር ይሆናል። ጩኮ፣ እርጎና ማር የሚያቀርቡ ሴቶች ገንዘቡን በራሳቸው እጅ፣ በደረሰኝ ይቀበሉ።

ረ. የአገር ውስጥ ጎብኚን አለመዘንጋት። የውጭ አገር ሰው ሲቀር የትምህርት ቤት ተማሪ፣ ሯጭና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ ሊመጣ ይችላል። ዋጋውና ማደሪያው ለእነርሱም የሚስማማ ይሁን።

5. ደጋውና ሐይቁ

ከአርሲ ተራሮች የሚነሣው የከታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በደጋ ያለው አስታና ኮሶ ተመንጥሮ አፈሩ ሲታጠብ ጉዳቱ በሐይቁ ዳርቻ ያለውን ዓሣ አጥማጅም ይነካል። ስለዚህ የደጋውና የዳርቻው ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ ቢገናኙ መልካም ነው።

6. ማጠቃለያ

ጉብኝት ለእርሻ ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም። ገብሱን ትቶ እንግዳ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። የልማት ሠራተኛው ዕቅዱን ራሱ ጽፎ ከማቅረብ ይልቅ፣ አባላቱ ተወያይተው እንዲወስኑ እንዲረዳቸው እናሳስባለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን ለአንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ ባይመጣ ማን ይቸገራል? ምን እናደርግለታለን?
2. ፈረስ የሌለው አባል በምን ሥራ ሊሳተፍ ይችላል?
3. ስንት ቡድን መቀበል እንችላለን? ከዚያ በላይ ሲመጣ እምቢ የሚለው ማን ነው?