የቅናሽ ጥያቄዎች በሒሳብ ፈተና፦ መቶኛው የምን መቶኛ ነው?

አንድ መደብር የጃኬት ዋጋን በ25 በመቶ ቀነሰ። በተቀነሰው ዋጋ ላይ 8 በመቶ የሽያጭ ታክስ ተጨምሮ ገዢዋ በጠቅላላው 162 ዶላር ከፈለች። የጃኬቱ የመጀመሪያ ዋጋ ስንት ነበር?

ይህን የመሰለ ጥያቄ የአሜሪካ ኮሌጆች በሚቀበሉት የኤስ ኤ ቲ ፈተናም ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ላላጠናቀቁ ሰዎች በሚሰጠው ጂ ኢ ዲ የተለመደ ነው። ስሌቱ ከአራቱ መደበኛ የሒሳብ ስሌቶች አያልፍም። ሆኖም በሒሳብ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ጭምር ይስቱታል። አንዱ ከ25 ላይ 8 ቀንሶ «የተጣራው ቅናሽ 17 በመቶ ነው» ይልና 162ን ለ0.83 አካፍሎ 195 ዶላር ከ18 ሳንቲም ያገኛል። ሌላው ከ162 ላይ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ በቀረው 149.04 ላይ 25 በመቶ ይጨምርና 186 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይደርሳል። ሁለቱም መንገዶች ሥርዓት ያላቸው ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን የተሳሳቱ ናቸው። ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ እንዲህ ያሉ መልሶች ከትክክለኛው ጎን ተሰልፈው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ያገኙትን ቁጥር በምርጫዎቹ መካከል ማየት ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም።

የስሕተቱ ምንጭ አንድ ነው። መቶኛ ብቻውን የሚቆም ቁጥር አይደለም፤ ዘወትር የአንድ ነገር መቶኛ ነው። በጥያቄያችን 25 በመቶው የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከተቀነሰው ዋጋ ነው። መሠረታቸው የተለያየ ሁለት መቶኛዎችን መደመር ወይም ማቀናነስ ብርንና ዶላርን ሳይመነዝሩ እንደ መደመር ይቆጠራል።

አስተማማኙ ዘዴ እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ማባዣ መለወጥ ነው። 25 በመቶ ሲቀነስ 75 በመቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ዋጋው በ0.75 ተባዝቷል ማለት ነው። 8 በመቶ ሲጨመር 108 በመቶ ይሆናል፤ ማባዣው 1.08 ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ «ዋ» ብንለው፣

ዋ × 0.75 × 1.08 = 162

ይሆናል። የሁለቱ ማባዣዎች ብዜት 0.81 ስለሆነ፣ 162 ለ0.81 ሲካፈል 200 ዶላር እናገኛለን። እናረጋግጠው፦ የ200 ሩብ 50 ነው፤ 150 ይቀራል። የ150 8 በመቶ 12 ነው፤ ድምሩ 162 ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው 162 በሚለው ፈንታ ፊደል ያስቀምጥና መልሱን በዚያ ፊደል እንድንገልጽ ይጠይቃል። መንገዱ አይለወጥም፤ ፊደሉ ለ0.75 × 1.08 ይካፈላል።

ሁለተኛው ተማሪ የተሰናከለበትን ቦታ ልብ ማለት ይገባል። ከ200 ላይ የተነሣው 50 ዶላር የ200 25 በመቶ ነው፤ ይኸው 50 ከ150 ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ስለዚህ የወረደን ዋጋ በዚያው መቶኛ በመጨመር ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። ወደ ኋላ የሚመልሰው ማካፈል ብቻ ነው።

ተደራራቢ ቅናሽም በዚሁ መንገድ ይፈታል። 500 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በመጀመሪያ 30 በመቶ፣ ቀጥሎም በተቀነሰው ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቢቀነስለት፣ 0.7 × 0.8 = 0.56 ስለሚሆን ዋጋው 280 ዶላር ነው። ጠቅላላው ቅናሽ 44 በመቶ እንጂ 50 አይደለም። ጥያቄው ምንም ዋጋ ካልሰጠ 100 ብሎ መጀመር ይቀላል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ተፈታኝ ቋንቋውም የራሱ ወጥመድ አለው። በእንግሊዝኛ «የ80 20 በመቶ» እና «ከ80 ላይ የ20 በመቶ ቅናሽ» የሚሉትን ሐሳቦች የሚለያቸው አንድ የ«ኤፍ» ፊደል ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው 16፣ የሁለተኛው 64 ነው። በጥድፊያ ሲነበብ ፊደሏ ትዘለላለች። በዚህ ረገድ አማርኛችን ያግዛል። ዓረፍተ ነገሩን በልብ ወደ አማርኛ መልሰን «ሀ ከለ በ20 በመቶ ያንሳል» ስንል፣ «ከ» የተጫነበት ስም፣ ማለትም «ለ»፣ የመቶኛው መሠረት መሆኑ ወዲያው ይታያል።

የሚኖሩበት አገር ልማድም ሊያሳስት ይችላል። በአሜሪካ መደብሮች በዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሽያጭ ታክስን ስለማይጨምር፣ የአሜሪካ ፈተናዎች ታክሱን በመጨረሻ ያስደምራሉ። በአውሮፓና በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያደገ ተማሪ ግን ታክሱ ዋጋው ውስጥ ተካቶ ማየትን ለምዷል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 5 በመቶ በሆነባት ዱባይ፣ ታክሱን ጨምሮ 105 ድርሃም የሚያወጣ ዕቃ ያለ ታክስ ስንት ነው ቢባል፣ መልሱ 105 ለ1.05 ተካፍሎ 100 ነው። ከ105 ላይ 5 በመቶ የሚቀንስ ሰው 99.75 ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መልሱ ስሕተት ነው።

በዲጂታሉ ኤስ ኤ ቲ ለ44 የሒሳብ ጥያቄዎች የተሰጠው ጊዜ 70 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ በአማካይ ከ95 ሰከንድ ጥቂት ከፍ ይላል። የሒሳብ መሣሪያ ለሁሉም ጥያቄ ስለሚፈቀድ ማባዛቱ አያስጨንቅም። ከዚያ ጊዜ ላይ አሥሩን ሰከንድ በእያንዳንዱ መቶኛ ሥር መሠረቱን ለመጻፍ ማዋል አይጎዳም።

ለልምምድ ይህን ይሞክሩ። በ100 ዶላር ዕቃ ላይ የ20 በመቶ ቅናሽና የ10 ዶላር ኩፖን አለዎት። የትኛውን ማስቀደም ይሻላል? ኩፖኑ ከቀደመ 90 × 0.8 = 72 ዶላር ይከፍላሉ፤ ቅናሹ ከቀደመ 80 − 10 = 70። ሁለት መቶኛዎች ቢሆኑ ቅደም ተከተላቸው ለውጥ አያመጣም ነበር፤ እዚህ ግን አንደኛው መቀነስ፣ ሌላኛው ማባዛት ነው።