የአዲስ ተመራማሪ ምንጮች በቦረናና በሳይንት
የመካነ ሰላምን አካባቢ ታሪክ የሚያጠና አዲስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በመጀመሪያ የመሩትን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሳያይ ባይነሣ ይመረጣል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባተኮረ ጥናታቸው የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎችን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር አስተያይተዋል። በሳይንት የተድባበ ማርያም ቅርስ ደግሞ ግእዝን ይጠይቃል። የርስት ክርክርም ሆነ የረኀብ ዘመን በሁለቱም ወገን ሊዘከር ይችላልና አንዱን ቋንቋ ብቻ የያዘ ተማሪ ግማሹን ምስክር ሳይሰማ ይፈርዳል። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ያለ ጀማሪ በዚህ ረገድ ከአዲስ አበባው ባልደረባው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ባለ መጽሐፉ ደብተራም ሆነ ሼኹ ጎረቤቱ ናቸው። ስለዚህ “የወሎ ታሪክ” ከሚል ሰፊ ርእስ ይልቅ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የሚመሰክሩለትን አንድ ቀበሌ ቢመርጥ እመክራለሁ።