የባሕር አውሎ ነፋስና የአየር ጠባይ ትንበያ

አዴት ውስጥ ማታ ማታ ስናስተምር ስለ ባሕር አውሎ ነፋስ አንድ ቀን አንሥተን ነበር። አንድ አዛውንት ተማሪያችን፣ «ልጆቼ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም፤ የባሕር ነፋስ ምን አገባን?» አሉን። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚህ ጽፈነዋል።

አውሎ ነፋሱ እንዴት ይነሣል?

ድስት ሲጣድ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሞቃት አገር ያለ ባሕርም ውሃው በጣም ሲሞቅ እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ደመና ይሆናል። በለቀቀው ቦታ ሌላ አየር ከየአቅጣጫው ይገባል። መሬት ስለምትዞር ይህ አየር እየተጠማዘዘ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አሜሪካኖች «ሀሪኬን» ይሉታል። በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነሣው «ሳይክሎን» ይባላል።

ምግቡ የሞቀ ውሃ ነው፤ ስለዚህ የብስ ላይ ሲወጣ ይደክማል። አዴት ከባሕር የራቀች፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ስለሆነች ነፋሱ ራሱ እዚህ አይደርስም። ጦሱ ግን አገራችን ይደርሳል።

ጦሱ እንዴት ደረሰ?

በግንቦት 2010 ዓ.ም. «ሳጋር» የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድን መታ። ጎርፉ ሰውና ከብት ጠራርጎ ወሰደ፤ ጂቡቲ ከተማም በውሃ ተጥለቀለቀች። በዚያው ወር «መኩኑ»፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ «ሉባን» በደቡብ ዓረቢያ በረሃ ላይ ከባድ ዝናብ ጣሉ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ሰው በሌለበት በዚያ በረሃ ተራብቶ፣ መንጋው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። ብዙ የወሎ ገበሬ ለአጨዳ የደረሰ ጤፉንና ማሽላውን አጣ። እንግዲህ አባታችን፣ ባሕር ባይኖረንም ነገሩ ያገባናል ማለት ነው።

አስቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል?

በኅዳር 1963 ዓ.ም. ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍቶ ሌሊት በሕዝቡ ላይ አፈሰሰው። ቢያንስ 300,000 ሰው አለቀ። ነፋሱ እንደሚመጣ ታውቆ ነበር፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ለብዙው ድሃ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በሚገባው መንገድ አልደረሰውም። በግንቦት 2012 ዓ.ም. «አምፋን» የተባለ ብርቱ አውሎ ነፋስ ያንኑ አገር መታ። ያን ጊዜ ግን ሳተላይት ከሰማይ ተከታተለው፤ በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ ለፈፉ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መጠለያ ገባ። በዚያ አገር የሞተው ሰው መቶ አልሞላም። ነፋሱን ያቆመው የለም፤ ሕይወት ያዳነው በጊዜ የደረሰ ወሬ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የቀን፣ የ10 ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ጥንቆላ አይደለም፤ ከመለኪያና ከሳተላይት የተገኘ ግምት ነው፤ አንዳንዴም ይስታል። ሆኖም በኅዳር ዝናብ ይመጣል ከተባለ፣ የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ አይደር፤ ቶሎ ይከመር፤ ይሸፈን። ራዲዮ ያለው ይስማ፤ ማንበብ የቻለ ለጎረቤቱ ያንብብ።

መልመጃ
1. አውሎ ነፋስ የብስ ላይ ሲወጣ ለምን ይደክማል?
2. የዓረቢያ ዝናብ የወሎን ገበሬ እንዴት ጎዳው?
3. በ1963 እና በ2012 ዓ.ም. መካከል ምን ተለወጠ?